12 ባር በአንድ ሌሊት

ጣጣውን ያመጣችብን ልጃችን ናት። አራተኛ ክፍል ስትገባ ትምህርት ቤቷ "ለሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ዩኩሌሌ ያስፈልጋል" የሚል ወረቀት ላከልን፤ ገዛን። ሦስት ሳምንት ሶፋ ላይ ተጋድማ ስትነካካው ሰነበተች። በአራተኛው ሳምንት እግር ኳስ ይሻለኛል አለች፤ ዩኩሌሌውም ቁም ሳጥን ውስጥ ከጠበቧት ጫማዎችና ከገና ዛፍ መብራት ጋር ተዳበለ። እኔ ደግሞ ገንዘብ የወጣበት ነገር ወድቆ ሳይ አንጀቴ አይችልም። የልጆቼን ትራፊ ፒዛ ቅርፊቱን ሳልተው የምጨርሰው እኔ ነኝ። ትራፊው ዩኩሌሌም በዚያው ሥርዓት ለእኔ ደረሰ።

ላላየው ሰው፣ ጊታርን በሙቅ ውሃ አጥባችሁ ድራየር ውስጥ ብትከቱት ተኮማትሮ የሚወጣው ነገር ዩኩሌሌ ነው። የትንሿ ዓይነት ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ 53 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ክሮቿ አራት ናቸው፣ እነሱም ናይለን። እኛ ቤት "ዩኩሌሌ" እንላለን እንጂ የሃዋይ ሰዎች "ኡኩሌሌ" ነው የሚሏት፤ ይህንንም ያረመችኝ ያው ትታት የሄደችው ልጄ ናት። በሃዋይኛው ካነበብነው ስሟ እንደ ኡኡታ ይጀምርና እንደ እልልታ ያልቃል። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ትርጉሙን ለባለቤቴ ማስረዳቴ ግን ስህተት ነበር። "ኡኩ ቁንጫ ነው፣ ሌሌ መዝለል፤ ዘላይ ቁንጫ እንደ ማለት ነው" አልኳት።

"ለካ ለዚህ ነው ሰሞኑን የሚበላኝ!" አለች ክንዷን እያከከች።

የሃዋይ የመጨረሻዋ ንግሥት ሊሊዑኦካላኒ ስሙን "የመጣ ስጦታ" ብለው ይፈቱት እንደነበር በኋላ አንብቤ ነገርኳት። ንግሥቲቱ ግን ዘግይተው ደረሱ፤ እኛ ቤት ስሟ ቁንጫ ሆኖ ጸንቷል። "ቁንጫህን አንሣልኝ፣ እራት ላቅርብ" ትለኛለች።

"የመጣ" በማለታቸው ንግሥቲቱ እውነት አላቸው። ዩኩሌሌ የሃዋይ ተወላጅ አይደለችም፣ እንደኛው ስደተኛ ናት። በነሐሴ 1879 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ያዙልኝ) ራቨንስክራግ የምትባል መርከብ ከፖርቱጋሏ የማዴይራ ደሴት ከ400 በላይ ሰው ጭና ሆኖሉሉ ደረሰች። ሰዎቹ የመጡት ሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ ለመሥራት ነው። ከመካከላቸው ሦስት እንጨት ሠሪዎች ነበሩ፦ ማኑኤል ኑኔስ፣ ጆዜ ዶ ኤስፒሪቶ ሳንቶና አውጉስቶ ዲያስ። ከእርሻው ወጥተው ከተማ ሲገቡ የአገራቸውን ትንሽ ባለ አራት ክር መሣሪያ በሃዋይ እንጨት መሥራት ያዙ። ንጉሥ ካላካዋ ወደዷትና ቤተ መንግሥት ገባች። በ1915 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ ትርዒት ደግሞ አሜሪካኖች ሰሟትና አበዱላት። ለጉልበት ሥራ መጥቶ፣ ከተማ ገብቶ፣ የአገር ቤትን ነገር ሠርቶ መሸጥ። እዚህ ዋሽንግተን ዙሪያ ያለ እንጀራ ጋጋሪ ሁሉ ይህን ታሪክ ሳይነግሩት ያውቀዋል።

እኔ ማታ ማታ ፓርኪንግ እሠራለሁ። ከመሬት በታች፣ ሁለት ሰው የማትይዝ የመስታወት ሳጥን ውስጥ። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ መኪናው ይሳሳል፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ የሚመጣው እንቅልፍ ብቻ ነው። ጊታር ሳጥኗ ውስጥ ቢገባ እኔ ልወጣ ነው። ዩኩሌሌ ግን ከምሳ ዕቃዬ ጎን እግሯን አጥፋ ቁጭ ትላለች። ሌሊት ሌሊት ሬዲዮ ላይ የድሮ ብሉዝ ይመጣል፤ እሱን እየተከተልኩ መነካካት ጀመርኩ። ሰው የሚጠፋው እንዲህ ቀስ በቀስ ነው።

ብሉዝ ምን እንደሆነ ለኛ ሰው ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፦ እንጉርጉሮ ነው። የአሜሪካ ደቡብ ጥቁሮች፣ ጥጥ ለቅመው ለባለ መሬቱ ሲያስረክቡ የኖሩ ሰዎች እንጉርጉሮ። አሠራሩ አንድ ስንኝ ይባላል፣ ያው ስንኝ ይደገማል፣ ሦስተኛው መልሱን ይዞ ይመጣል። ለምን ይደገማል? የሙዚቃ ሊቃውንት ብዙ ምክንያት ይሰጡ ይሆናል፤ እኔ ግን ሳጥኔ ውስጥ ስሞክረው የገባኝ አንድ ነው፦ ሦስተኛውን እስኪያስቡ ጊዜ ለመግዛት! የኛም አዝማሪ ግጥም ሲያጥረው አዝማቹን እየመላለሰ ማሲንቆውን የሚገዘግዘው ለዚሁ ይመስለኛል። በዚህ ሥርዓት የደረስኳት የመጀመሪያዋ የራሴ ብሉዝ ይችውና፦

መኪናው ሁሉ ወጣ፣ እኔ ብቻ ቀረሁ ቆሜ፤
መኪናው ሁሉ ወጣ፣ እኔ ብቻ ቀረሁ ቆሜ፤
ሰው የሚያቆመው መኪና፣ እኔ ያቆምኩት ዕድሜ።

እዚህ ላይ "ሰምና ወርቅ" ብሎ መመጻደቅ የተለመደ ነው፤ ይቅርብኝ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወርቅ አይወጣም፣ ሰሙም ቢሆን ቀልጦ የተረፈ ነው።

ይህ ባለ ሦስት ስንኝ ነገር የሚቀመጥበት ሳጥን "12 ባር" ይባላል። ይህንንም ለባለቤቴ ማስረዳት አልነበረብኝም። አንድ ማታ ለሥራ ስወጣ በደስታ "ዛሬ ሌሊት 12 ባር ሳልሳሳት አዳርሳለሁ!" አልኳት። በር ላይ ቆማ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። "በአንድ ሌሊት? ውቤ በረሃ እንኳ በደጉ ዘመን ይህን ያህል የሚያዳርስ ጎረምሳ አልነበረም" አለች።

የሙዚቃው ባር የማይጠጣበት ነው። እግራችሁን አራት ጊዜ መሬት መትታችሁ የምታልፉት ርዝመት አንድ ባር ይባላል፤ አሥራ ሁለቱን ከጨረሳችሁ አንድ ዙር ሞላችሁ፣ ተመልሳችሁ ከመጀመሪያው። በኤ ቅኝት ከተጫወታችሁት ሦስት ኮርድ ይበቃል፦ ኤ ሰባት፣ ዲ ሰባት፣ ኢ ሰባት። በቀላሉ አደራደር ከአሥራ ሁለቱ ባር ስምንቱ ኤ ሰባት ነው። ኤ ሰባት ደግሞ ዩኩሌሌ ላይ የሚያዘው በአንድ ጣት ነው! ጠቋሚ ጣት ሲ ክር ላይ፣ የመጀመሪያው ፍሬት፣ አለቀ። በሌላው እጅ ሻይ መያዝ ይቻላል እንዳልል መግረፊያ እጅ ያስፈልጋል እንጂ፣ ለአንድ ትልቅ የሰው ልጅ ሐዘን ይህን ያህል ትንሽ ወጪ የትም አይገኝም። ችግሩ ዘጠነኛው ባር ነው። ኢ ሰባት የሚመጣው እዚያ ነው፤ ሦስት ጣት ይፈልጋል፣ ሦስቱም በተለያየ ክር። ዘጠነኛው ባር ላይ ስደርስ ጣቶቼ ሥራ አጥቶ እንደሚቀመጥ ወጣት እርስ በርስ ይተያያሉ። ብሉዝ የያዝኩት ሦስት ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ እስካሁን ዘጠነኛውን ባር በንጹሕ ልብ ተሻግሬ አላውቅም።

ሌላ ችግር አለ፣ እሱስ የእኔ ጥፋት አይደለም። የብሉዝ ሆዱ ያለው በድምፆች መካከል ነው። በኤ ቅኝት በሲና በሲ ሻርፕ መካከል የምትገኝ፣ ፒያኖ ላይ ቁልፍ የሌላት ድምፅ አለች። የጊታር ተጫዋች የብረት ክሩን ገፋ አድርጎ እየለመጠ ያገኛታል። ማሲንቆ ፍሬት ስለሌለው ጣቱን ተንሸራትቶ ይደርስባታል። ዩኩሌሌ ላይ ኤ ሰባትን ስትይዙ ግን ሲ ማለት ጣት ያላረፈበት ክር ነው፣ ሲ ሻርፕ ማለት ጣት ያረፈበት። ጣት ደግሞ ወይ አርፏል ወይ አላረፈም፤ መካከል የለውም። ናይለን ክርን ብትለምጡት ድምፁ ከመለመጥ ይልቅ ያንገራግራል። ያቺን ድምፅ ፍለጋ ስንት ሌሊት እንደነጋብኝ የሳጥኗ መስታወት ይመስክር።

ይባስ ብሎ ዩኩሌሌ ራሷ ወደ ሌላ አገር ትጎትተኛለች። ክሮቿ የሚቃኙት ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ ተብሎ ነው። የሲ ሜጀር ትዝታን የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ይነቃል፤ የትዝታ አምስት ድምፆች ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ናቸው። ማለትም ማንም ሰው፣ ድመትም ብትሆን፣ በባዶ እጁ አራቱን ክር ቢነካ ከአምስቱ የትዝታ ድምፆች አራቱን አገኘ። የቀረችው ዲ ብቻ ናት። እሷም ሁለተኛው ፍሬት ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። የማዴይራ እንጨት ሠሪዎች ይህን አስበውት አይደለም፤ እኔ ግን ባሰብኩት ቁጥር ይደንቀኛል።

ውጤቱን ፋሲካ ማግስት አየነው። እንግዶች መጡ፣ ተበላ፣ ቡና ተፈላ። ጎረቤታችን ጋሼ ወጣት ሳሉ በደርግ ጊዜ ቀበሌ ኪነት ውስጥ ክራር ይጫወቱ የነበሩ ናቸው፤ ስለ ሙዚቃ ሲነሣ ሌላው ሰው ዝም ይላል። "እስቲ ያቺን ቁንጫህን አምጣት" አሉኝ። የሚሲሲፒ ብሉዝ ልጫወት ነው ብዬ ጉሮሮዬን ጠራርጌ ገባሁበት። አራተኛው ባር ላይ ጣቴ አንዴ ተነሣ፤ ሁለት ባዶ ክር ጮኸ። አንዷ እንግዳ "ውይ ትዝታ!" አለች። ሌላዋ አይኗን ጨፍና መወዛወዝ ጀመረች። ባለቤቴ እንኳ ቡናውን ትታ አጨበጨበች። ሚሲሲፒ ብዬ የተነሣሁት ወሎ ላይ ወረድኩ። ስምንት ደቂቃ ትዝታ ተጫወትኩ፤ ያለቀሰም ነበር። ስጨርስ ጋሼ ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቁና "ጥሩ ነው። አሁን ያልከውን ተጫወት" አሉኝ።

ትዝታ የኢትዮጵያ ብሉዝ ነው የሚባለውን አባባል ከዚያ ቀን ጀምሮ በጥርጣሬ ነው የማየው። ሁለቱም ያስተክዛሉ፣ እሺ። ነገር ግን ትዝታ የሄደውን ሰው ቁጭ ብሎ ይጠራል፤ ብሉዝ ግን ራሱ ሻንጣውን ይዞ ባቡር ጣቢያ ነው ያለው። ባቡር ጣቢያ ስል ደብልዩ ሲ ሃንዲ ትዝ አሉኝ። በ1903 ገደማ በሚሲሲፒ ቱትዋይለር በምትባል ትንሽ ከተማ የዘገየ ባቡር ሲጠብቁ እንቅልፍ ወስዷቸው፣ ሲነቁ ከጎናቸው አንድ ልብሱ የተቀዳደደ ጥቁር ሰው የጊታሩን ክር በቢላ እየተጫነ ሲጫወት ሰሙ። የተማሩ የባንድ መሪ ነበሩ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው አያውቁም ነበር። በኋላ በ1912 "ሜምፊስ ብሉዝ"ን ያሳተሙት እሳቸው ናቸው። ያን የቢላ አጨዋወት ሲገልጹ ያመሳሰሉት ከምን ጋር መሰላችሁ? ከሃዋይ ጊታረኞች ጋር! በሃዋይ ብረት በክር ላይ ማንሸራተት ከ1880ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነበርና። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ዩኩሌሌዬና ብሉዝ የሥጋ ዘመድ ሆነው የተገኙ መሰለኝና ተነሥቼ ወደ ወጥ ቤት ሄድኩ።

ባለቤቴ ከእንቅልፏ ነቅታ ውሃ ልትጠጣ ስትመጣ ያየችው ይህን ነው፦ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ የወጥ ቤት ወንበር ላይ በፒጃማ የተቀመጠ ባል፣ ጭኑ ላይ የሕፃን ጊታር፣ እጁ ላይ የሽንኩርት ቢላ። አንድም ቃል አልተናገረችም። ቢላውን ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደች፣ አጠበችው፣ መሳቢያው ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት የቢላ መሳቢያ ለልጆች በሚሠራ መቆለፊያ ነው የሚዘጋው። ድምፁን ለማወቅ ለምትጓጉ፣ ናይለን ላይ ቢላ ሲንሸራተት የሚወጣው ድምፅ ሙዚቃ ሳይሆን የዝንብ ቅሬታ ነው።

እናቴ ደግሞ ከአገር ቤት በስልክ ሰማች። ማን እንደነገራት እስካሁን እየተጣራ ነው።

"አዝማሪ ሆንክ አሉ?"

"ኧረ እማዬ፣ ለራሴ ነው፣ ሥራ ቦታ እንቅልፍ እንዳይጥለኝ።"

"ካልቀረማ በገና ብትይዝ ምን ነበረበት? እሱ የዳዊት ነው።"

እናቴ ባደገችበት አገር በገና የእግዚአብሔር፣ ክራር የሰይጣን ነው የሚባለው፤ የአራት ክሯ ድንክ በየትኛው እንደምትመደብ ለመጠየቅ አልደፈርኩም። የሚገርመው የሚሲሲፒ እናቶችም ለልጆቻቸው ያንኑ ሲሉ መኖራቸው ነው። እዚያ የቤተ ክርስቲያን ሰው ብሉዝን የሰይጣን ሙዚቃ ይለው ነበር። ሰን ሃውስ የሚባለው ታላቅ ብሉዘኛ ጊታር ከመያዙ በፊት ሰባኪ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ በሁለቱ መካከል ሲናጥ ኖሯል። ስለ ሮበርት ጆንሰን የሚወራው ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፦ እኩለ ሌሊት መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆሞ ነፍሱን ለሰይጣን ሸጠ፣ ሰይጣንም ጊታሩን ተቀብሎ ቃኝቶ መለሰለት ይባላል። ሰውየው በ1936ና በ1937 በሁለት ዙር 29 ዘፈን ቀርጾ በ1938 በ27 ዓመቱ ሞተ፤ እንዲህ ባጭሩ የተቀጨ ሰው ላይ ወሬ አይጠፋም። የእኔም ፓርኪንግ መስቀለኛ መንገድ ጥግ ላይ ነው፤ እኩለ ሌሊትም በሥራ ገበታዬ ላይ ነኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ የመጣው መኪና ጎታች ብቻ ነው። ሰይጣንም ቢሆን ዋጋ ያውቃል መሰለኝ፤ ለቁንጫ ብሎ ነፍስ አይገዛም።

ይህን ስል ግን በዩኩሌሌ ብሉዝ የተጫወትኩ የመጀመሪያው ሰው እንዳልሆንኩ መናገር አለብኝ። እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ሮኪ ማውንት በምትባል ከተማ፣ "ራቢት" ሚዩዝ የሚባል ጥቁር ሙዚቀኛ ነበር፤ መሣሪያው ዩኩሌሌ፣ ሥራው ብሉዝ፣ በ1970ዎቹ ሸክላ ያሳተመ። ራቢት ጥንቸል ማለት ነው። ጥንቸል ቁንጫ ይዞ ሲያንጎራጉር ማንም ያልሳቀበት አገር ላይ እኔ የምፈራው ምንድን ነው ብዬ ተጽናናሁ።

እኔን የያዘኝ ሰው ግን ሌላ ነው፤ ሚሲሲፒ ጆን ኸርት። በ1928 ኒው ዮርክ ድረስ ተጠርቶ ዘፈኖቹን ቀረጸ። ሸክላዎቹ እምብዛም አልተሸጡም፣ ወዲያው ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት መጣ፤ ኸርትም አቫሎን ወደምትባል መንደሩ ተመልሶ ገበሬ ሆነ። 35 ዓመት ማንም አልጠየቀውም። በ1963 ግን የድሮ ሸክላ የሚሰበስቡ ወጣቶች ከዘፈኖቹ አንዱ ላይ የመንደሩን ስም ሰምተው፣ በአሮጌ ካርታ ላይ ፈልገው፣ ቶም ሆስኪንስ የሚባለው ሄዶ በሩን አንኳኳ። ሽማግሌው ነጭ ወጣት ደጁ ላይ ሲያይ የኤፍ ቢ አይ ሰው መስሎት ምን አጠፋሁ ብሎ ተጨነቀ ይባላል። ጊታር እንኳ አልነበረውም፤ በእንግዳው ጊታር ነው ተጫውቶ ያሳየው። በዘፈን ውስጥ አድራሻ ማስቀመጥ ጥቅም አለው። የኛ ዘፋኞች "ከወዲያ ማዶ" እያሉ ስንቱን ሰው መንገድ ላይ አስቀርተዋል!

ከዚያስ የት አመጡት? እዚህ፣ ዋሽንግተን። አዳምስ ሞርጋን ሰፈር ኦንታሪዮ ፕሌስ በሚባል፣ ስሙ ቡና ቤት ሆኖ የእውነት ቡና በሚጠጣበት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ ባርኔጣውን አጥልቆ ይጫወት ነበር። እሱ በ1966 አለፈ። ከዓመታት በኋላ ወደዚያው ሰፈር እኛ መጣን፤ ከቀደምቶቹ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ብዙዎቹ የተደረደሩበት 18ኛው ጎዳና አዳምስ ሞርጋን ውስጥ ነው። በዓመታት ተላለፍን እንጂ ሽማግሌው ክትፎ በቀመሰ ነበር።

ኸርት ሲጫወት አውራ ጣቱ ወፍራሞቹን ክሮች እንደ ዘነዘና ሳያቋርጥ ይወቅጣል፤ ሌሎቹ ጣቶች ከላይ ዘፈኑን ይለቅማሉ። ይህን ዩኩሌሌ ላይ ልሞክር ብዬ ተነሣሁ። እዚህ ላይ ነው የቁንጫዋ ተንኮል የሚገለጠው፤ ለአውራ ጣት የምትቀርበው ክር ወፍራም መሆን ሲገባት ቀጭን ናት! ጊታር ላይ ከላይ ያለው ክር ጎርናና ነው፤ ዩኩሌሌ ላይ የላይኛዋ ጂ ከጎረቤቷ ከሲ ከፍ ብላ ትጮኻለች። ስለዚህ አውራ ጣቴ መሬት ፍለጋ ሲወርድ ጣሪያ ይመታል። ዘነዘና ልይዝ ሄጄ የሻይ ማንኪያ ይዤ ተመለስኩ። ለዚህ መድኃኒት የሚሆን ወፍራም ጂ ክር ይሸጣል፣ አንድ ኦክታቭ ወርዶ የሚቃኝ፤ ገዝቼ ገጠምኩ። ማንኪያው ጭልፋ ሆነ። ዘነዘና ግን አልሆነም።

ጋሼ ይህን ሁሉ ልፋት አይተው አንድ እሑድ ፍርዳቸውን ሰጡ። "አንተ ልጅ፣ ይቺ ነገር አታለቅስም። ለቅሶ ቤት የመጣች ሙሽራ ናት።"

"እርስዎ ለቅሶ ቤት ሲሄዱ ካርታ የሚያጫውተው ማን ነው?" አልኳቸው።

ሳቁ። ምክንያቱም እሳቸው ናቸው። ሦስተኛው ቀን ላይ ድንኳን ጥግ ተቀምጠው ሟቹ በሕይወት ሳለ ያደረገውን ጅል ነገር እያነሡ ሐዘንተኛውን በሳቅ የሚያፈርሱት እሳቸው ናቸው፤ ማንም ሐዘኑን ናቁ አይላቸውም፤ እንዲያውም ካልመጡ ይጠየቃሉ። ኸርትም እንዲሁ ነው። በ1928 ከቀረጻቸው መካከል "ፍራንኪ"፣ "ስታክ ኦሊ"፣ "ሉዊስ ኮሊንስ" ሦስቱም ሰው የሚገደልባቸው ዘፈኖች ናቸው፤ ሲያወራቸው ግን ለልጅ ልጁ ተረት የሚያወራ አያት ነው የሚመስለው፣ ድምፁ ከፍ አይል፣ ጣቱ አይቸኩል። ጩኸት የሚችሉ ብሉዘኞች ሞልተዋል፣ ሰን ሃውስ ሲጮህ ግድግዳው ይሰማዋል። እሱን በዩኩሌሌ የሚሞክር ሰው አማኑኤል ይግባ። ኸርት ግን ኡኡታ ሊሆን የተነሣውን ነገር ጉሮሮው ላይ ይዞ ሌላ ነገር አድርጎ ያወጣዋል። ቁንጫዋ ደግሞ ከስሟ ጀምሮ የምታውቀው ይህን ብቻ ነው።

ሐሙስ ሐሙስ ማታ መኪናቸውን እኛ ጋ የሚያቆሙ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ አሉ። አያታቸው ከሚሲሲፒ ናቸው። መጀመሪያ የሰሙኝ ቀን ሳጥኔ ፊት ቆመው ቲኬታቸውን እንደያዙ ብዙ ቆዩ። "ይህ የጆን ኸርት አይደለም እንዴ?" አሉ። ነው አልኩ። ልጅ ሳሉ ኦንታሪዮ ፕሌስ ገብተው በዓይናቸው አይተውታል ይላሉ። የእኛ አገር የዚያ ዘመን ጎረምሳ ሁሉ ጥላሁን ገሠሠን በቅርብ አውቀዋለሁ እንደሚለው ይሁን እውነት አላጣራሁም፤ ቲኬት እንጂ ትዝታ መመርመር ሥራዬ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሲመጣ ከምሳ ዕቃዬ በፊት የምይዘው ዩኩሌሌዋን ሆነ።

ያለፈው ሐሙስ ሲወጡ በአማርኛ እያንጎራጎርኩ ደረሱብኝ። መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው ምን እያልክ ነው አሉኝ። መኪናው ሁሉ ወጣ፣ እኔ ብቻ ቀረሁ ቆሜ ነው የምለው አልኳቸው።

"ሁለተኛው ስንኝስ?"

"ያው ነው።"

"ሦስተኛው?"

ሰው የሚያቆመው መኪና፣ እኔ ያቆምኩት ዕድሜ። በእንግሊዝኛም አልተሰበረብኝም፣ እነሱም መኪና የሚያቆሙበት ቃል ለዕድሜ ይሆናል። ሽማግሌው መሪያቸውን በመዳፋቸው እየመቱ ሳቁ፤ ሳቁና፣ ሞተሩን አጠፉ። "ከመጀመሪያው ጀምረው፣ 12ቱንም" አሉኝ።

በሩን ከፍቼላቸዋለሁ፣ እንጨቱ ወደ ላይ ቆሟል፣ እሳቸው ግን አይወጡም። ከኋላቸው አንድ ቶዮታ መጣ። ከእሱ ኋላ ሌላ። አራት ባር በአንድ ጣት አለፍኩ። ሁለት ባር ዲ ሰባት፣ ሁለት ባር ወደ ኤ መለስኩ፤ ሽማግሌው በጣታቸው መሪው ላይ ይቆጥራሉ። ዘጠነኛው ባር መጣ። ጣቶቼ ተያዩ። ልክ በዚያች ሰዓት የቶዮታው ሰውዬ ትዕግሥቱ አለቀና ጡሩምባውን ያዘው፤ ከመሬት በታች ስለሆንን ግድግዳው ሁሉ አስተጋባ። ሲ አልነበረም። ሲ ሻርፕም አልነበረም።

ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን ወደ ኋላ ቀስረው "እሷ ናት!" አሉኝ። "እሷን ነው የምልህ!"